ዱባይ ላይ ጤነኛ የነበረ የናይትሮ ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ለልጄ ያገለገለ በሪሞት የሚነዳ የናይትሮ መኪና አመጣለት። ሞተሩ 3.5 ሲሲ ነው፤ እዚያ ምንም ችግር አልነበረበትም። ነዳጁን ይዞ መምጣት ስላልቻለ አንድ የማውቀው ሰው ሜታኖልና የጉሎ ዘይት ቀላቅሎ ሰጠኝ። መጀመሪያ ጭሱ የትየለሌ፣ ጉልበቱም ደካማ ነበር፤ የካንዴላ ማሞቂያውን ሳነሳው ወዲያው ይጠፋል። የሞተር ሳይክል መካኒክ የሆነ ጓደኛዬ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ የካርቡሬተሩን ቪቴዎች አጠበቀልኝ። አሁን በደንብ ይጮኻል፤ ግን ነዳጅ መስጠት ስናቆም ዙሩ ቶሎ አይወርድም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይግልና ይጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝም አይነሳም። ሞተሩ ሞቷል ማለት ነው?»

መልስ፦ ሞቷል ለማለት ገና ነው። የጻፉልኝ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይታዩኛል። የመጀመሪያው፣ ጭሱና ድካሙ፣ የሞተሩ ጥፋት አይደለም፤ የከፍታውና የነዳጁ ነው። ሁለተኛው፣ መጋሉና አለመነሳቱ፣ ቪቴው ሲጠብቅ የመጣ ወይም ሲጠብቅ የተጋለጠ ነው። ሞተሩን የሚገድለው ይኼኛው ነው። ስለዚህ ልጅዎ ቢለምንዎትም ከታች የምጽፈውን ፍተሻ እስኪጨርሱ ድረስ መኪናውን እንዳያስነሱት አደራ እላለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ሲሆን ብልጭታ የሚሰጥ ነገር የለውም። ካንዴላው ውስጥ ያለችው ትንሽ ጥቅል ሽቦ ፕላቲነም አለባት፤ የሜታኖል ትነት የጋለ ፕላቲነም ሲነካ ሙቀት ይፈጠራል። ከ1.2 እስከ 1.5 ቮልት የሚሰጠው ማሞቂያ የሚያስፈልገው ለማስነሳት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሽቦዋ ግላ የምትቆየው እያንዳንዱ ቃጠሎ በሚተውላት ሙቀትና በዚሁ የፕላቲነም ሥራ ነው። አሜሪካዊው ሬይ አርደን በ1947 ለገበያ ካቀረባት ወዲህ መሠረቷ አልተለወጠም። ማሞቂያው ሲነሳ ሞተሩ ከጠፋ ሽቦዋን የሚያቀዘቅዛት ነገር አለ ማለት ነው፦ የበዛ ነዳጅ፣ ያነሰ እምቅታ (ፒስተኑ አየሩን ጫፍ ላይ የሚጨምቅበት ኃይል)፣ ነዳጁ ውስጥ የገባ ውሃ፣ ወይም ያረጀ ካንዴላ። እርስዎ ጋ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ላይ ሳይገናኙ አልቀሩም።

ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ በጉሮሮው የሚያልፈው አየር በመጠን ያው ሆኖ በክብደት ሲቀንስ ነዳጁ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ቪቴ እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ወፍራም ጭስ፣ ከማርሚታው የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የታፈነ ድምፅ ይመጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውም አየር ስለሚያንስ ሽቦዋ የምታገኘው ሙቀት ይቀንሳል። የዱባይ ሙቀት የዚያንም አየር ስለሚያሳሳው ልዩነቱ በጥቂቱ ይጠባል፣ አይጠፋም። አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎት፤ ወንድምዎ እዚያ ያየውን ጉልበት እዚህ በማንኛውም ማስተካከያ አያገኙትም። ያንን ፍለጋ ቪቴ የሚያጠብቅ ሰው መጨረሻው ቢየላ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ፣ መስበር ነው።

ነዳጁም የራሱን ጨምሯል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ ሜታኖል 6.4 ያህል፣ ናይትሮሜቴን (በአጭሩ ናይትሮ የሚባለው) ግን 1.7 ብቻ፤ ኦክስጅኑን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ነው። በመሆኑም ናይትሮ ያለበት ነዳጅ ለተመሳሳይ አየር በብዛት መፍሰስ አለበት፣ ቪቴውም ለዚያ ተከፍቶ ነው የሚስተካከለው። ወንድምዎ እዚያ ይጠቀምበት የነበረው ነዳጅ ናይትሮ እንደነበረበት እገምታለሁ፤ የእርስዎ ድብልቅ ግን ናይትሮ የለውም። ከፍታውም ነዳጁም ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉት። ጓደኛዎ ቪቴውን ወደማጥበቅ መሄዱ በአቅጣጫ ደረጃ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የሚያቆምበትን ቦታ በጭሱ መጥፋት መለየቱ ላይ ነው።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በየጊዜው ስለማየው ነው። ዘይቱ የራሱ ቋት ባለው ሞተር ሳይክል ላይ ጭስ በሽታ ነው። እዚህ ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቪቴውን ባጠበቁ ቁጥር ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ፒስተኑን፣ ቢየላውንና ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰውንም ዘይት ነው የሚቀንሱት፤ የሚያቀዘቅዘውም ሜታኖል አብሮ ይቀንሳል። በደቂቃ 30,000 ዙር ማለት በሴኮንድ 500 ጊዜ መመላለስ ነው። በዚያ ፍጥነት ዘይት ያነሰው ፒስተን ብዙ አይታገሥም። መኪናው በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ከኋላው ቀጭን ሰማያዊ የጭስ መስመር ሁልጊዜ መታየት አለበት። ካልታየ ወዲያው ያቁሙት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር። «ነዳጅ መስጠት ስናቆም ዙሩ ቶሎ አይወርድም» ያሉት ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ነው። ይህ ምልክት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፦ የታችኛው፣ ማለትም የዝቅተኛ ዙር ቪቴ ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ወይም ካርቡሬተሩን ሳያልፍ በሌላ ቀዳዳ አየር እየገባ ነው። ቀዳዳ ካለ በቪቴ ማስተካከል አይቻልም። ዛሬ ያስተካከሉት ሞተሩ ሲሞቅ ይለወጣል፣ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) ሲጎድል ደግሞ ይለወጣል፤ ሰዎች ለወራት ቪቴ ሲያዞሩ የሚኖሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ካቻቪቴውን አስቀምጠው መጀመሪያ ቀዳዳ ይፈልጉ።

ቀላሉ ሰርባቶዮው ነው። ከማርሚታው የሚመጣው ቀጭን ቱቦ ግፊት እየሰጠው ነው ነዳጁ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገፋው። ነዳጁን ገልብጠው ሰርባቶዮውን ውሃ ውስጥ ይንከሩ፣ አንዱን ቱቦ በጣት ዘግተው በሌላው በትንሽ ፓምፕ ወይም በሕክምና መርፌ አየር ያስገቡ። በአፍዎ አይንፉ፤ ሜታኖል የነካው ቱቦ ነው። ከክዳኑ ጎማ አረፋ ከወጣ አንዱን ሌባ ያዙት። ቱቦዎቹንም እንዲሁ፤ በተለይ የሚታጠፉበትንና ብረቱ ላይ የሚሰኩበትን ጫፍ ይዩ። ጥርጣሬ ካለዎት የሲሊኮን ቱቦውን ዝም ብለው ይለውጡት።

ቀጥሎ ሞተሩ ራሱ። ካርቡሬተሩ ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት አንገት፣ የኋላው ክዳንና የፊተኛው ኩሽኔታ አየር የሚያስገቡ ሦስት ቦታዎች ናቸው። ያገለገለ፣ የተጓጓዘና የተነካካ ሞተር ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የካርቡሬተሩን አንገት ነው። እዚያ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው የጭስ መውጫውንና የካርቡሬተሩን አፍ በጎማ ይድፈኑ፣ በነዳጅ መግቢያው በዚያው መርፌ ቀስ ብለው አየር እየሰጡ ውሃ ውስጥ ያስገቡትና አረፋ ከየት እንደሚወጣ ያስተውሉ። ከፊተኛው ኩሽኔታ በጣም ጥቂት ዘይትና አረፋ ቢወጣ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከአንገቱ ወይም ከኋላው ክዳን ከወጣ ግን ፈተው በደንብ ያጽዱ፣ ሙቀት የሚችል የመኪና ሲሊኮን ስስ አድርገው ቀብተው ይግጠሙ። ሲሊኮኑ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ እስኪደርቅም አንድ ሌሊት ይተዉት። ከፍተሻው በኋላ ውሃው በሙቀት ወጥቶ በዘይት መተካት አለበት፤ ኩሽኔታዎቹ ቶሎ ይዝጋሉ።

ከዚያ የሞተሩን ዕድሜ የሚነግርዎት ፍተሻ ይቀራል። የዚህ ዓይነት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የፒስተን ቀለበት የለውም። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ ሲሊንደሩ ከውስጥ ክሮም የተለበጠ ናስ፣ ወደ ላይ ሲሄድም በጥቂቱ እየጠበበ የሚሄድ። ሲቀዘቅዝ ጫፍ ላይ የሚይዘው ሆን ተብሎ ነው፤ ሲሞቅ ናሱ ከፒስተኑ ይበልጥ ስለሚሰፋ ልኩን ይይዛል። ያረጀ ሞተር ሲቀዘቅዝ ደህና ይመስላል፣ ሲሞቅ ግን እምቅታው ያመልጣል። «ሲግል አይነሳም፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል» የሚለው የእርስዎ ምልክት ከዚህም ጋር ይገጥማል፤ የጠበቀ ቪቴም ግን ይኸንኑ ያሳያል። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩን በፎን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ያሙቁት፣ ካንዴላው እንደተገጠመ በጓንት ቮላኖውን (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ብረት) በእጅ ያዙሩት። ጫፍ ላይ የሚገፋ እምቅታ ከተሰማዎት ሞተሩ ሕይወት አለው። ምንም ሳይዝ ለስልሶ ካለፈ ፒስተኑና ሲሊንደሩ አልቀዋል፣ ጥንዱን መለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ ጓደኛዎ ሲሊንደሩን በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክለው ቢልዎት አይፍቀዱለት፤ ልባጡ እጅግ ስስ ነው፣ አንዴ ከተላጠ መመለሻ የለውም።

ካንዴላውን ፈትተው ሽቦዋን ይዩ። የምታብረቀርቅና እርጥብ ከሆነች ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ደብዝዛ ግራጫ ከሆነች ነዳጅ አንሶ ግላለች፤ የእርስዎ ይኼኛው ይመስለኛል። ከተጨማደደች ወይም ጥቃቅን የብረት ብናኝ ከተጣበቀባት ውስጡ የሚፋቅ ነገር አለ። በማንኛውም ሁኔታ አዲስ ይግዙ። ለአዲስ አበባና ናይትሮ ለሌለው ነዳጅ ሙቅ የሚባለውን ዓይነት ነው የምመርጠው፤ በጃፓኑ ኦ.ኤስ. አሰያየም ከቁጥር 8 ይልቅ ኤ3 ለእርስዎ ይስማማል። የክሩን ዓይነት ግን ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ፤ ተርቦ የሚባለው ካንዴላ መቀመጫው ሾጣጣ ስለሆነ በመደበኛ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) አይገጥምም።

ስለ ነዳጁ ብዙ የምለው አለኝ፤ ከሞተሩ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሜታኖልና የጉሎ ዘይት ብቻውን መጥፎ ነዳጅ አይደለም። 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ የጉሎ ዘይት በሞዴል አውሮፕላን የፍጥነት ውድድር የታወቀ ቅንብር ነው። የጉሎ ዘይት ከሜታኖል ጋር በደንብ ይዋሐዳል፣ ሞተሩ ሲግል ብዙ ሌሎች ዘይቶች ሲሸሹ እሱ ብረቱ ላይ ይቆያል። ጉዳቱ ቡናማ ቅባት እየጋገረ መሄዱ ነው፣ ያ ይጸዳል። ግን የትኛው የጉሎ ዘይት ነው? ተቆልቶ የወጣው ጠቆር ያለ ዘይት አይሆንም፤ ለፀጉር የሚሸጠውም ሽቶና ሌላ ዘይት ሊኖርበት ስለሚችል አይሆንም። ያልተቆላ፣ ጥርት ያለና የተጣራ መሆን አለበት። ድብልቁን የሠራልዎትን ሰው ስንት እጅ ዘይት እንደጨመረ ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ያንን ነዳጅ አይጠቀሙበት።

ሜታኖሉ ውስጥ ውሃ መኖሩን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ቤንዚን ውስጥ ውሃ ከታች ይተኛል፤ ሜታኖል ግን ውሃን ይውጠዋል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ካደረም ከአየሩ ላይ እርጥበት ይስባል። በክረምት ሳምንታት ይህ ቀላል አይደለም። ዘይት ከመጨመሩ በፊት ማጣራት የሚቻለው በሚዛን ነው፦ ንጹሕ ሜታኖል በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 791 ግራም ይመዝናል። በትክክል የተሰፈረ አንድ ሊትር ከ800 ግራም በላይ ከሆነ ውሃ አለበት ብለው ይጠርጥሩ።

ደግሞም ይህ ዕቃ በልጅ አጠገብ የሚቀመጥ መርዝ መሆኑን እንዳይዘነጉ። ጥቂት ጉንጭ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል። በቆዳም ይገባል፣ ጓንት ያድርጉ። በፍጹም በውሃ ሃይላንድ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ቀለሙ ውሃ ነው የሚመስለው። ሲቃጠልም ነበልባሉ በፀሐይ አይታይም፣ የሚቃጠል ነገር መኖሩን የሚያውቁት ሙቀቱ ሲነካዎት ነው። ልጅዎ እንዲነዳ እንጂ ነዳጅ እንዲሞላ አይፍቀዱለት። ነዳጅ ስለጠፋ ቤንዚን ወይም አረቄ ለመሞከር የሚያስብም አለ፤ ፕላቲነሟ ቤንዚንን እንደ ሜታኖል አታነሳሳውም፣ አረቄው ደግሞ ውሃ ይበዛበታል። ናይትሮ ያለበት ነዳጅ በሕጋዊ መንገድ ካገኙ ከ10 እስከ 20 በመቶው ይበቃዎታል፤ ሥራ ፈት ዙሩን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞርበትን፣ ያረጋጋዋል፣ ማስነሳቱንም ያቀልለዋል። 30 በመቶ ፍለጋ አይሂዱ። በአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ ለሌለው ግለሰብ ከ16 በመቶ በላይ ናይትሮሜቴን መሸጥ የተከለከለ ነው፣ እዚያም ሰው በደስታ እየተወዳደረ ነው። ነዳጅ በለወጡ ቁጥር ግን ማስተካከያው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ቀዳዳው ተደፍኖ፣ እምቅታው ተረጋግጦ፣ ካንዴላው አዲስ ከሆነ በኋላ ነው ማስተካከል የሚመጣው። ጓደኛዎ ያጠበቀውን ይፍቱና የላይኛውን፣ ማለትም የከፍተኛ ዙር ቪቴ በመመሪያው ላይ ወዳለው መነሻ ይመልሱት። የታችኛው በአብዛኞቹ ካርቡሬተሮች አናቱ ከክንዱ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን ለመነሻ ይሆናል። የካርቡሬተሩ በር ነዳጅ ሳይሰጥ 1 ሚሊሜትር ገደማ ክፍት ይሁን። ጠዋት አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ሞተር ገመድ እየጎተቱ አይታገሉ፤ ጫፍ ላይ የሚይዘውን ፒስተን በኃይል ማሳለፍ ቢየላውን ይጎዳል። በፎን ያሙቁት፣ ከዚያ ያስነሱት።

እንደ መጀመሪያው ያጨሳል፣ ይደክማል፤ አይደንግጡ። ሞተሩ እስኪሞቅ ሁለት ሦስት ዙር ይንዱት፣ ከዚያ የላይኛውን ቪቴ በአንድ ጊዜ ከአንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ሳይበልጥ፣ በሰዓት ገጽ ላይ አንድ ሰዓት ያህል፣ ያጥብቁ። ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይንዱት፤ ቆሞ በሚጮህ ሞተር ላይ የሚደረግ ማስተካከያ አያስተማምንም። ድምፁ ሲጠራና ጭሱ ቀጭን ሲሆን ይቁሙ፣ ከዚያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር መልሰው ይክፈቱ። ያቺ ትንሽ ነዳጅ ለሞተሩ ዕድሜ የምትተዋት ናት።

ታችኛው ቀጥሎ ነው። ሞተሩ ሞቆ በሥራ ፈት ዙር ላይ እያለ ከካርቡሬተሩ አጠገብ የነዳጁን ቱቦ ቆንጥጠው ይያዙ። ዙሩ ከሦስት ሴኮንድ ገደማ በኋላ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ከጠፋ ልክ ነው። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፣ ይክፈቱ፤ ረዥም ጊዜ ቆይቶ ብዙ ከፍ ካለ በዝቶበታል፣ ያጥብቁ። ማሞቂያው ተነስቶም ካልቆየና ቪቴዎቹ ልክ ከሆኑ ቴስታታው ስር ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዷን 0.1 ሚሊሜትር ማውጣት እምቅታውን ይጨምራል፤ ለከፍታውም ናይትሮ ለሌለውም ነዳጅ ይጠቅማል። ከዚህ በፊት ግን ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ቀጭን ሊድ በካንዴላው ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ጠርዝ አስገብተው ሞተሩን አንድ ጊዜ በእጅ ያዙሩትና የተጨፈለቀውን ጫፍ ይለኩ። ቀለበቷ ከወጣች በኋላ ከ0.5 ሚሊሜትር በታች የሚሆን ከሆነ አይንኩት።

ሙቀቱን ከካንዴላው ሥር በኢንፍራሬድ መለኪያ ሲያዩት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ቢሆን ደህና ነው። ቴስታታው ላይ ውሃ ጠብ አድርጎ በስንት ሴኮንድ እንደሚተን የመቁጠር ዘዴ ውጭ አገር በሰፊው ይነገራል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከሚነገረው ቀድሞ ይተናል፣ ያታልላል። መለኪያው የደረሱበትን ያሳያል እንጂ አይመራም፤ የሚመራዎት ጭሱና ድምፁ ነው።

አዳማ ወይም ድሬዳዋ ይዘውት ከሄዱ ከመንዳትዎ በፊት የላይኛውን ቪቴ ይክፈቱ። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ ናቸው፤ እዚያ አየሩ ስለሚወፍር የአዲስ አበባው ማስተካከያ ነዳጅ ያሳጣዋል። ከታች ወደ ላይ የመጣ ሞተር ያጨሳል እንጂ አይሞትም፣ ከላይ ወደ ታች የወረደው ግን በመጀመሪያው ሙሉ ፍጥነት ሊነክስ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

ሁለት የዘወትር ነገሮች ልጨምር። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ሁልጊዜ በማጣሪያ ዘይት የራሰ ይሁን፣ ከካርቡሬተሩ ጋርም ክፍተት አይኑረው፤ የበጋ አቧራችን ሲሊንደሩን ከማንኛውም የቪቴ ስህተት በበለጠ ፍጥነት ይበላዋል። ጨዋታው ሲያልቅም ሰርባቶዮውን ባዶ አድርገው ቱቦ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ያስነሱት። በካንዴላው ቀዳዳና በካርቡሬተሩ፣ የአየር መሣሪያዎች የሚቀቡበትን ቀጭን ዘይት ጥቂት ጠብታ ያድርጉ፣ ደጋግመው አሽከርክረው ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው ያሳድሩት። ከላይ ተይዞ ከቀዘቀዘ ሲሊንደሩን ያሰፋዋል።

የሞቀውን የእምቅታ ፍተሻና የአረፋውን ውጤት ከነቦታው ይጻፉልኝ። እምቅታው ጠፍቶ ከሆነ የሞተሩን ስምና ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር ይጨምሩልኝ፤ ጥንዱ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ወይም ቢየላው አብሮ መለወጥ እንዳለበት በዚያ እነግርዎታለሁ።